ካውንቲው ሲበደር ማን ይወስናል? ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶ እና ቴክሳስ ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ልትገዙ ስትነሱ ዋጋውን ትጠይቃላችሁ። የሞርጌጁን ወለድ ታወዳድራላችሁ። ትምህርት ቤቱ ደህና ነው ወይ ትላላችሁ። ጠንቀቅ ያለ ሰው የፕሮፐርቲ ታክሱንም ያያል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ ይህ ካውንቲ ወይም ከተማ እስከ ምን ድረስ መበደር ይችላል? ሲበደርስ እኔን ይጠይቀኛል?

የሂሳብ ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ግን የሁላችንም ነው። የሞርጌጃችሁ ወለድ ቋሚ ሆኖ ሳለ ወርሃዊ ክፍያችሁ ከጨመረ፣ ጭማሪው የመጣው በኤስክሮ (አበዳሪው ለታክስና ለኢንሹራንስ ከእናንተ በሚሰበስበው ሂሳብ) በኩል ከታክስና ከኢንሹራንስ ነው። ታክሱ ውስጥ ደግሞ አካባቢው የተበደረው ገንዘብ አለ።

ከመካከላችን የሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ ብዙ ነው። ያኔ አበዳሪዎች ነበርን። ካውንቲው ቦንድ ሲሸጥ ግን ከፋዮቹ እኛ ነን። ገንዘቡ ከባለሀብቶች ይመጣል፣ ትምህርት ቤቱ ወይም መንገዱ ይሠራል፣ ከዚያ 20 ወይም 30 ዓመት ሙሉ ዋናውና ወለዱ ከታክሳችን ይከፈላል። 100 ሚሊዮን ዶላር በ4 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት በእኩል ክፍያ ቢወሰድ፣ መጨረሻ ላይ የሚከፈለው 147 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለ30 ዓመት ከሆነ 173 ሚሊዮን ያልፋል።

እዚህ የማነጻጽረው ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ስቴቶች አምስቱን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጓሙ ከየት መጣ፣ ስንት ዓይነትስ ነው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ከተሞችና ካውንቲዎች ባቡር በእኛ በኩል ይለፍ ብለው ተሽቀዳደሙ። ኩባንያዎቹን ለመደገፍ ቦንድ ሸጡ። አንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ሳይመጣ ቀረ፣ ዕዳው ግን አልቀረም። አዮዋ በ1857 ሕገ መንግሥቷ የአካባቢ ዕዳ ከንብረት ግምት 5 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገች። ኢሊኖይም በ1870 ያንኑ 5 በመቶ ጻፈች። ከ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ።

ዛሬ ሦስት ዓይነት ልጓም ታገኛላችሁ። አንደኛው የመቶኛ ጣሪያ ነው፤ ዕዳው ከአካባቢው ንብረት ግምት ከዚህ በመቶ አይበልጥም ይላል። ሁለተኛው የሕዝብ ድምፅ ነው። ሦስተኛው የስቴቱ ፈቃድ ነው። ለዚህኛው ጥሩ ምሳሌ ኖርዝ ካሮላይና ናት፤ በ1931 ያቋቋመችው ኮሚሽን ካላጸደቀ አንድ ትንሽ ከተማ እንኳ ቦንድ አያወጣም።

እኔ ከሦስቱ ትንሽ ክብደት የምሰጠው ለመቶኛው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምን መቶኛ እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ያሳስታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለከተሞች የተቀመጠው 10 በመቶ የሚሰላው ከቤቱ ሙሉ የገበያ ዋጋ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ አንዳንድ ልዩ ዲስትሪክቶች (ለአንድ ሰፈር አገልግሎት የሚቋቋሙ ትንንሽ አስተዳደሮች) እስከ 50 በመቶ ሊበደሩ ይችላሉ ሲባል ያስደነግጣል። ግን እዚያ ለመኖሪያ ቤት ታክስ የሚሰላበት ግምት የገበያው ዋጋ 7 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ የኮሎራዶው 50 በመቶ ወደ ገበያ ዋጋ ሲመለስ 3.5 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ከቨርጂኒያው 10 በመቶ ያንሳል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። እሺ ማለት ያለበት ማን ነው? ደግሞስ "ዕዳ" ተብሎ የሚቆጠረው የትኛው ነው?

ቨርጂኒያ፦ መንገድ ተሻግሮ ሕጉ ይለወጣል

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማና ካውንቲ አይደራረቡም። የአሌክሳንድሪያ ከተማ የማንም ካውንቲ አካል አይደለችም። በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ከተሞች የ10 በመቶ ጣሪያ አላቸው፣ ከዚያ በታች ግን ነዋሪውን ሳይጠይቁ ምክር ቤቱ ብቻውን መበደር ይችላል። ካውንቲዎች በተቃራኒው ናቸው። የመቶኛ ጣሪያ የለባቸውም፣ ግን በታክስ የሚከፈል ቦንድ ለማውጣት ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ አርሊንግተን የምትኖሩ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ኅዳር ላይ የቦንድ ጥያቄዎች ይመጡላችኋል። አጠገባችሁ ያለችው አሌክሳንድሪያ ግን አትጠይቅም። ፌርፋክስ ካውንቲም ነዋሪውን ይጠይቃል፤ በ2023 መራጮች 435 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ቤት ቦንድ አጽድቀዋል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የፖስታ አድራሻችሁ አሌክሳንድሪያ ስላለ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ ናችሁ ማለት አይደለም። የአሌክሳንድሪያ አድራሻ ያለው ሰፊ አካባቢ በሕግ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ሪልተራችሁን መጠየቅ ያለባችሁ "ታክሱ የሚከፈለው ለማን ነው?" ብላችሁ ነው።

ፌርፋክስ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ራሱን ገድቧል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚመራበት የፋይናንስ መርህ መሠረት ዕዳው ከንብረቱ የገበያ ዋጋ 3 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በየዓመቱ ለዕዳ የሚከፈለውም ከጠቅላላ ፈንዱ ወጪ 10 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን በምክር ቤት የወጣ ፖሊሲ በምክር ቤት ይቀየራል። ሕገ መንግሥት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም።

የቨርጂኒያ ሕዝበ ውሳኔ ሁሉንም አይሸፍንም። ካውንቲ ለትምህርት ቤት ከስቴቱ ተቋማት ሲበደር ድምፅ አያስፈልገውም። በልማት ባለሥልጣን ስም በሚወጣ የኪራይ ዓይነት ቦንድም ሕንፃ ማሠራት ይቻላል።

ሜሪላንድ፦ ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ልማድ

ሜሪላንድ የራሳቸው ቻርተር (የመተዳደሪያ ሕግ) ላላቸው ካውንቲዎች ጣሪያውን በስቴት ሕግ አስቀምጣለች፤ ከመሬትና ቤት ግምት 6 በመቶ፣ ከሌላ ታክስ ከሚከፈልበት ንብረት 15 በመቶ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ካውንቲ እንደ ቻርተሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ሰዎች ካውንቲያችሁ ሞንትጎመሪ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባ ያላት ከተማ አይደለችም። ሞንትጎመሪ በመደበኛው አሠራር ቦንድ ሲያወጣ የኅዳሩ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አያቀርበውም። የሚወስነው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ምን ያህል ብንበደር አቅማችን ይችላል የሚለውንም መመሪያ የሚያወጣው እሱ ነው። ፕሪንስ ጆርጅስ ግን በቻርተሩ ምክንያት የቦንድ ሕጎቹን ለመራጩ ያቀርባል። ስለዚህ ላንግሊ ፓርክ አካባቢ ያለ ሰው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የቤተ መጻሕፍት ወይም የመንገድ ቦንድ ሲያይ፣ ጥቂት ማይል ርቆ ያለው ጓደኛው ምንም አያይም።

ሁለቱም ስቴቶች አንድ የሚያቀል ነገር አላቸው። የትምህርት ቤት ቦርዱ የራሱ ታክስ መጣል አይችልም። የትምህርት ቤቱ ዕዳ የካውንቲው ወይም የከተማው ዕዳ ውስጥ ነው። አንድ ቦታ ካያችሁ አብዛኛውን አያችሁ ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ይህ ይቀየራል።

ዋሽንግተን ስቴት፦ 60 በመቶው

ሲያትልና ኪንግ ካውንቲ ያላችሁ፣ በአምስቱ ውስጥ በጣም ጥብቁ ሕግ ያለው እናንተ ዘንድ ይመስለኛል። ከተማ ወይም ካውንቲ ያለ ሕዝብ ድምፅ ከንብረት ግምቱ እስከ 1.5 በመቶ መበደር ይችላል። ከዚያ በላይ ከፈለገ ሕዝቡ በ60 በመቶ ድምፅ መፍቀድ አለበት። ያም አይበቃም፤ የመራጩ ቁጥር ካለፈው ጠቅላላ ምርጫ ቢያንስ 40 በመቶ መሆን አለበት። ይህም ጥቂት ሰው ብቻ ለምርጫ በሚወጣበት ቀን ቦንድ እንዳይሾልክ ያደርጋል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ዓይነት ብድሮች ኪሳችሁን የሚነኩት በተለያየ መንገድ ነው። ያለ ድምፅ የተወሰደው ከነባሩ ገቢ ይከፈላል፤ በጀቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይገፋል እንጂ አዲስ ታክስ ይዞ አይመጣም። በድምፅ የጸደቀው ግን የራሱን ተጨማሪ ታክስ ይዞ ይመጣል። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ግምት 50 ሳንቲም ቢጨመር፣ 700,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 350 ዶላር ይጨምራል።

የትምህርት ዲስትሪክቶች እዚህ ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደሮች ናቸው። የራሳቸው ታክስ፣ የራሳቸው ቦንድ አላቸው። ከ2007ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኋላ ዓመታዊ የትምህርት ታክስ በተራ አብላጫ ድምፅ ያልፋል። የሕንፃ ቦንድ ግን አሁንም 60 በመቶ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሕጉ ከልክ በላይ የጠበቀ ይመስለኛል። 58 በመቶው ሰው እሺ ብሎ ልጆች በተንቀሳቃሽ ክፍል ሲማሩ ማየት ያሳዝናል። ጥብቅ ልጓም ነጻ አይደለም፣ ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለ።

ኮሎራዶ፦ ምርጡ ወረቀት፣ አደገኛው ቀዳዳ

በ1992 የኮሎራዶ መራጮች ታቦር የሚባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ዕዳ በመርህ ደረጃ የሕዝብ ድምፅ ይፈልጋል። ከሁሉ የምወደው የጥያቄውን አጻጻፍ ነው። ሕጉ ጥያቄው የት መጀመር እንዳለበት ሳይቀር ይወስናል፤ መጀመሪያ የሚበደረው መጠን፣ ወዲያው ቀጥሎ ከነወለዱ የሚከፈለው ከፍተኛ ድምር። ፌርፋክስ ውስጥ "435 ሚሊዮን" የሚለውን ታያላችሁ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ግን ጠቅላላ ዋጋውንም ጭምር። ሌሎች ስቴቶች ይህን ቢቀዱ በጣም ደስ ይለኛል።

ሰው መርጦ እንደሚያጸድቅም ዴንቨር አሳይታለች። በ2021 አምስት የቦንድ ጥያቄዎች ቀርበው አራቱ አለፉ። በናሽናል ዌስተርን ግቢ አዲስ አሬና ለመሥራት የቀረበው ወደቀ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። አውሮራና አካባቢዋ አዲስ ቤት የምትገዙ ወገኖች ይህን ደግማችሁ አንብቡ። አዲስ ሰፈር ሲሠራ ገንቢው ብዙ ጊዜ ሜትሮ ዲስትሪክት የሚባል ትንሽ መንግሥት ያቋቁማል። መንገዱ፣ ውኃው፣ ፍሳሹ፣ መናፈሻው በዚህ ዲስትሪክት ቦንድ ይሠራል። ታቦር ድምፅ ይስጥ ስላለ ድምፅ ይሰጣል። ችግሩ ያኔ ሰፈሩ ባዶ ሜዳ መሆኑ ነው። መራጮቹ ከገንቢው ጋር የተያያዙ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እናንተ ከዓመታት በኋላ ስትገቡ ዕዳው ጸድቆ ይጠብቃችኋል። ሂደቱ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ግን ከፋዩ ሳይጠየቅ የተወሰነ መሆኑን ማንም ሊክደው አይችልም።

የዲስትሪክቱ ታክስ የሚጨመረው በከተማው፣ በካውንቲውና በትምህርት ዲስትሪክቱ ላይ ነው። መንገድ ለመንገድ ትይዩ የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች በዓመት የብዙ ሺህ ዶላር ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። የሽያጭ ውሉ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፍ ስለ ልዩ ታክስ ዲስትሪክት የሚያስጠነቅቅ አንቀጽ አለ። ከብዙ ወረቀት ጋር ስለሚመጣ ሰው ፈርሞ ያልፈዋል። አትለፉት።

ቴክሳስ

ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር ስለሌላት ብዙ ሰው ይሄድባታል። አካባቢዎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በፕሮፐርቲ ታክስ ነው፣ እሱም ከባድ ነው። ከ2019 ጀምሮ የትምህርት ቤት ቦንድ ጥያቄ ላይ "ይህ የፕሮፐርቲ ታክስ ጭማሪ ነው" የሚል ዐረፍተ ነገር በግድ ይጻፋል። ግልጽነቱ ጥሩ ነው። ግን አሮጌ ዕዳ እያለቀ ስለሆነ ምጣኔው የማይጨምርበት ጊዜም ቢሆን ያው ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። የኮሎራዶው ቁጥር ያሳውቃል፣ የቴክሳሱ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያስፈራል። እኔ የቁጥሩን እመርጣለሁ።

ከተሞችና ካውንቲዎች ያለ ድምፅ የሚያወጡት የግዴታ ሰርተፊኬት የሚባል ዕዳም አለ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ 5 በመቶ መራጮች ከፈረሙ ምርጫ ይጠራል። ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ከሌለ ግን ጊዜው ያልፋል። ከከተማ ወጣ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ መድ የሚባሉ የውኃና ፍሳሽ ዲስትሪክቶች አሉ። አሠራራቸው የኮሎራዶውን ይመስላል፤ እዚህ ሻጩ የዲስትሪክቱን ታክስና ቦንድ የሚገልጽ ማስታወቂያ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊሰጣችሁ በሕግ ይገደዳል፣ አብዛኛውን ቦንድም አስቀድሞ የስቴቱ ኮሚሽን ይመረምረዋል።

ከጣሪያው የሚያመልጠው ዕዳ

በ1895 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስፖኬን ከተማ ለውኃ አገልግሎቷ የገባችው ዕዳ ከውኃ ገቢ ብቻ የሚከፈል ከሆነ በጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም አለ። የገቢ ቦንድ የሚባለው በዚያ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው ያደገው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ውኃ የሚጠጣው ሰው ይክፈል ማለት ነው። ግን ጣሪያው ዕዳውን ካላየው፣ መራጩም ካላየው፣ ማን ያየዋል?

የአላባማዋ ጄፈርሰን ካውንቲ መልሱን በመከራ አገኘችው። ለፍሳሽ ማስወገጃ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረች፣ ወለዱን በሚዋዥቅ ዓይነት ውል አሰረችው፣ ሙስናም ተጨመረበት። በ2011 ኪሳራ አወጀች። የፍሳሽ ሂሳብ የሚከፍሉት፣ ድሆቹም ጭምር፣ ክፍያው ሲቆለል ኖሩ።

ዲትሮይት ደግሞ በ2005 ወደ ጣሪያዋ ተጠግታ ስለነበር፣ ለጡረታ ፈንድ የሚሆን ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በአገልግሎት ኮርፖሬሽኖች ስም ተበደረች። በወረቀት ላይ የከተማዋ ዕዳ አይደለም ተባለ። በ2013 ኪሳራ ካወጀች በኋላ ከተማዋ ራሷ ፍርድ ቤት ሄዳ ያ ውል ጣሪያውን ለመዝለል የተሠራ ሕገ ወጥ ነው ብላ ተከራከረች።

ድምፅ መስጠት ብቻውን እንደማያድን የሚያሳየው የካሊፎርኒያው የፖዌይ ትምህርት ዲስትሪክት ነው። መራጮች ቦንዱን አጽድቀው ነበር። ታክስ አይጨምርም ስለተባለ ዲስትሪክቱ በ2011 ክፍያው ለሃያ ዓመት የሚዘገይ ቦንድ ሸጠ። የተበደረው 105 ሚሊዮን ዶላር፣ የሚመለሰው 980 ሚሊዮን ገደማ። በ2013 ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ከእንግዲህ የዚህ ዓይነት ቦንድ ክፍያ ከዋናው 4 እጥፍ አይበልጥም፣ ጊዜውም ከ25 ዓመት አያልፍም።

እና የትኛው ይሻላል?

በምትፈልጉት ይወሰናል። ለዕዳ ተብሎ ታክሴ ሳልጠየቅ እንዳይጨምር ለምትሉ፣ የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ዋሽንግተን ይሻሏችኋል። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ቶሎ ይስፋ የምትሉ፣ እንደ ሞንትጎመሪና አሌክሳንድሪያ ምክር ቤቱ የሚወስንበት ቦታ ሥራው ይፈጥናል፤ በምትኩ ምክር ቤቱን መከታተል የእናንተ ሥራ ይሆናል። ኮሎራዶና ቴክሳስ የቆየ ሰፈር ውስጥ ደህና ናቸው። አዲስ ሰፈር ከሆነ ግን የዲስትሪክቱ ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ታክሱ እስከ ስንት ሊወጣ እንደሚችል በጽሑፍ ሳታገኙ ቀብድ አትክፈሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ምርጫ በሉ ካላችሁኝ፣ የፌርፋክስን እመርጣለሁ፤ ድምፁም አለ፣ ራሱን የመገደብ ልማዱም አለ፣ የተደራረበ አስተዳደርም ጥቂት ነው።

አንድን ቦታ ለመመርመር ገንዘብ አያስፈልግም። የካውንቲው ዓመታዊ የፋይናንስ ሪፖርት መጨረሻ አካባቢ ሁለት ሠንጠረዦች ፈልጉ። አንዱ በሕግ የተፈቀደው ጣሪያና የተበደረው መጠን ያለበት ነው። ሁለተኛው ተደራራቢ ዕዳ የሚባለው ነው፤ በአንድ ቤት ላይ የሚያርፉትን የተለያዩ አስተዳደሮች ዕዳ ይደምራል። ምዕራብ ላሉ ስቴቶች ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ይበልጣል። ኤማ (EMMA) የሚባለው የቦንዶች ድረ ገጽ ላይም አብዛኛው ቦንድ ሲሸጥ የወጣው ሰነድ በነጻ ይገኛል።

ቤት የተከራያችሁም ከዚህ ውጪ አይደላችሁም። አከራዩ ታክሱን በኪራይ ላይ ይጨምረዋል። ዜግነት ካላችሁ የቦንድ ጥያቄው ላይ ድምፃችሁ ከባለ ቤቱ ጋር እኩል ነው።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ በካውንቲ ቦንድ ላይ አትመርጡም። ምክር ቤቱ የካፒታል በጀቱን ከማጽደቁ በፊት በሚጠራው የሕዝብ አስተያየት ላይ ግን ተመዝግባችሁ መናገር ትችላላችሁ፣ ማንም ፓስፖርት አይጠይቃችሁም። ሞንትጎመሪ ውስጥ ብድሩ የሚቆረጠው በዚያ በጀት ስለሆነ፣ ዜግነት ያለውም ሰው ከኅዳሩ ምርጫ እኩል ማስታወስ ያለበት ያንን ቀን ነው።